ቱቦ ሳይጨፈለቅ ማጠፍ፦ ለጭነት ባጃጅ የሸራ አጽም አሠራር

አዳማ ውስጥ የሸራ አጽም ከተሠራላቸው የጭነት ባጃጆች አንዱን አስቁመው ማዕዘኖቹን ቢመለከቱ፣ ቱቦው የታጠፈበት ቦታ ክብነቱን አጥቶ፣ ተጠፍጥፎና በውስጥ በኩል ተጨማድዶ የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው። ሠራተኛው ጥፋቱን በቱቦው ላይ ይጥላል፤ «የዘንድሮ ብረት እኮ ወረቀት ነው» ይላል። የሳሳ ብረት በገበያው ሞልቷል፤ አልክድም። ይሁን እንጂ ቱቦን የሚጨፈልቀው አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ያልሆነ ፎርማ፣ ማለትም ቱቦው ተቀምጦ የሚታጠፍበት ጎድጓዳ ቅርጽ ነው። ቀጥሎም ሳይለኩ ማጠፍ ይመጣል።

እዚህ የማሳየው አንድ ቅስት፣ ማለትም ሸራውን የሚሸከም አንድ የታጠፈ ቱቦ፣ ከልኬት እስከ ብየዳ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ለፒክአፕ የሸራ አጽምም ሆነ ለፖርቶ መጋላ ሥራው ያው ነው፤ ቁጥሮቹ ብቻ ይለወጣሉ።

ሥራ ሳይጀመር ደንበኛው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ አጽም ሸራ፣ ዝናብና ነፋስ ይሸከማል እንጂ ተሽከርካሪው ቢገለበጥ ሰው አያድንም። ለዚያ የሚሆን አጽም ወፍራም ቱቦና የመሐንዲስ ስሌት ይፈልጋል። «አጠናክረህ ሥራው፣ ሰውም እንጭንበታለን» የሚል ደንበኛ ከመጣ ሥራውን አለመቀበል ይሻላል። የተሽከርካሪውን ቅርጽ የሚለውጥ ሥራም በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ጥያቄ እንዳያስነሳ፣ ብረት ከመቆረጡ በፊት የትራንስፖርት ቢሮውን መጠየቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

የውሃ ፓይፕና የብረት ቱቦ

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ያለው ማጠፊያ በሃይድሮሊክ ክሪክ የሚገፋው ነው፤ ቱቦው በሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ድጋፎች ላይ ተደግፎ መሐሉ በፎርማ ይገፋል። ከማጠፊያው ጋር የሚመጡት ፎርማዎች ብዙውን ጊዜ ለውሃ ፓይፕ የተሠሩ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የውሃ ፓይፕ የሚጠራበት ኢንች የውጭ ልኩ አይደለም። ግማሽ ኢንች የሚባለው ፓይፕ ከውጭ ሲለካ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት አራተኛ የሚባለው 26.9፣ አንድ ኢንች የሚባለው ደግሞ 33.7። የብረት ቱቦ ግን የሚጠራው በውጭ ልኩ ነው፤ የአንድ ኢንች ቱቦ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 25 የሚባለውም 25 ነው።

እንግዲህ «1 ኢንች» የተጻፈበትን ፎርማ አንሥተው ባለ 25 ቱቦ ቢያስገቡበት፣ ግራና ቀኙ ተደምሮ ከ8 ሚሊ በላይ ክፍተት ይኖረዋል። ቱቦ ሲታጠፍ ጎኖቹ ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋሉ፤ የሚከለክላቸው የፎርማው ጎድጓዳ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ከራቀ ቱቦው ይጨፈለቃል፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ ቢሆን እንኳን አያድነውም። የሦስት አራተኛው ፎርማ ደግሞ ልክ የሆነ ይመስላል፤ ዓይን አይቶ ያልፈዋል፤ ግን እሱም ወደ 2 ሚሊ የሚጠጋ ክፍተት አለው። ለወፍራም ቱቦ ይበቃል፣ ለስስ አይበቃም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ቶርኖ ቤት ሄዶ ለባለ 25 ቱቦ የሚሆን ፎርማ ማስቀረጽ ነው። ከአንድ ቅስት በላይ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል፤ እኔ የምመክረውም ይህን ነው። ሁለተኛው ለፎርማው የሚሆነውን የሦስት አራተኛ የውሃ ፓይፕ ራሱን መጠቀም ነው። ክብደቱ ግን ይታሰብ፤ 2.6 ሚሊ ውፍረት ያለው ፓይፕ በሜትር 1.56 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ባለ 25 ቱቦ በ1.5 ሚሊ ውፍረት 0.87 ብቻ ነው። በጭነት ባጃጅ ላይ ይህ ልዩነት ከሚጫነው ዕቃ ላይ የሚቀነስ ነው።

ሲገዙ

ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን ይበቃል፤ እንዲያውም ሚዛን አይዋሽም፤ በካሊፐር የሚለካው ጫፉን ብቻ ነው። 6 ሜትር የሆነ ባለ 25 ቱቦ ውፍረቱ 2 ሚሊ ከሆነ 6.8 ኪሎ፣ 1.5 ከሆነ 5.2 ኪሎ፣ 1.2 ከሆነ ደግሞ 4.2 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። «አንድ ነጥብ አምስት ነው» የተባለው ዘንግ 4 ኪሎ ከመዘነ ነገሩ ግልጽ ነው።

ለሌላ ልክ ማስላት ከፈለጉ ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ቀንሰው በውፍረቱ ያባዙ፤ ውጤቱን ደግሞ በ0.02466። የሚያገኙት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ግራም ነው።

ጥቁሩን ቱቦ ይምረጡ። ዚንክ የተቀባው ነጩ ቱቦ ለዝገት ጥሩ ቢሆንም፣ ሲበየድ ወይም በእሳት ሲጋል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚል፣ ትኩሳትና የደረት መጨናነቅ ያለበት ሕመም ያመጣል። በያጆች «ወተት ጠጣበት» ይባባላሉ፤ ወተቱ ግን ሳንባ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ነጩን ቱቦ መጠቀም ግድ ከሆነ፣ የሚበየደው ቦታ ላይ ያለውን ዚንክ አስቀድመው ፍቀው ያስወግዱና ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይሥሩ።

ስሌቱ

ቱቦ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይታመቃል፤ መሐሉ ላይ ያለው መስመር ግን ርዝመቱን ጠብቆ ይቆያል ብለን እንወስዳለን። ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው በዚህ የመሐል መስመር ነው። ሬዲየስ ስንልም ከኩርባው ማዕከል እስከ ቱቦው መሐል ያለውን ነው። በገፊ ማጠፊያ ላይ ይህ ሬዲየስ የቱቦውን ዲያሜትር አራት እጥፍ ቢሆን ሥራው ይቀናል፤ ለባለ 25 ቱቦ 100 ሚሊ ማለት ነው። ከሦስት እጥፍ በታች፣ ማለትም ከ75 በታች፣ ለመሄድ ውስጡ ደጋፊ የሚገባበት ማሽን ይፈልጋል።

ምሳሌ እንውሰድ። የምንሠራው ቅስት ከውጭ እስከ ውጭ ስፋቱ 1200፣ ቁመቱ 900 ሚሊ ይሁን፤ ሁለት የ90 ዲግሪ እጥፋቶች አሉት፤ ሬዲየሱ 100 ነው።

መጀመሪያ የውጭውን ልክ ወደ መሐል መስመር እንመልሰዋለን። ስፋቱ ከግራም ከቀኝም የቱቦው ግማሽ ሲቀነስለት 1175 ይሆናል፤ ቁመቱ ከላይ ብቻ ሲቀነስለት 887.5። የአንድ እጥፋት ርዝመት 3.14 ሲባዛ በሬዲየሱ፣ ሲባዛ በዲግሪው፣ ሲካፈል ለ180 ነው፤ ለእኛ 157 ሚሊ ይመጣል። ቀጥታ የሚቀረው የላይኛው ክፍል 1175 ሲቀነስ 200፣ ማለትም 975 ነው። እያንዳንዱ እግር ደግሞ 887.5 ሲቀነስ 100፣ ማለትም 787.5። ሲደመር 975፣ ሁለት ጊዜ 157 እና ሁለት ጊዜ 787.5፤ ጠቅላላው 2864 ሚሊ ነው።

ኩርባውን ረስቶ ማዕዘኑን ስል አድርጎ የደመረ ሰው 2950 ያገኛል። 86 ሚሊው ልዩነት በእያንዳንዱ እጥፋት 43 ሚሊ ነው፤ ይህን 43 «ትርፍ» ብለን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ባለ 6 ሜትሩን ዘንግ ለሁለት ሲከፍሉት 3 ሜትር ለእያንዳንዱ ቅስት ይደርሳል። ለእኛ 2864 ይበቃናልና 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ይህን የተረፈውን 13 ሳንቲ ሜትር አሁን አይቁረጡት። ለክቶ መቁረጥ የልብስ ሰፊ ሥርዓት ነው፤ ቱቦ መጀመሪያ ይታጠፋል፣ እግሩ የሚቆረጠው በመጨረሻ ነው። ትንሽ ስሕተት ቢፈጠር የሚሸፈነው በዚያ በተረፈው ነው።

ሙከራው

በሠንጠረዥ የሚታተሙ የቱቦ ማጠፊያ ቁጥሮች አሉ። ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ነገር ግን የእርስዎን ፎርማ፣ የእርስዎን ክሪክና ዛሬ የገዙትን ብረት አያውቁም። ስለዚህ ከዚያው ዘንግ ዓይነት በትክክል 600 ሚሊ የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያዘጋጁ። ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሁለት ቁራጭ አድነው ሙሉ ዘንግ ያበላሻሉ።

የመጀመሪያው ቁራጭ የሚነግረን ብረቱ ምን ያህል እንደሚመለስ ነው። መሐሉን ከፎርማው መሐል አስተካክለው፣ በስኳድራ እያዩ ግፊቱ ሳይለቀቅ 90 ዲግሪ እስኪሆን ይግፉ። ከዚያ ክሪኩን ይልቀቁት። ቱቦው ወደ ቦታው መመለስ ስለሚፈልግ ትንሽ ይከፈታል፤ ማዕዘኑ በጥቂት ዲግሪ ይሰፋል። ሦስት ዲግሪ ከተመለሰ፣ ከዚህ በኋላ የሚገፉት ሦስት ዲግሪ አሳልፈው ነው። ሬዲየሱ በሰፋ ቁጥር መመለሱም ይጨምራል። ሌላ ቀን ከሌላ መደብር የመጣ ቱቦ ደግሞ የራሱ ልክ አለውና ያለፈው ወር ቁጥር አይሠራም።

በሁለተኛው ቁራጭ ላይ አሳልፈው ገፍተው፣ ሲለቀቅ በትክክል 90 ላይ እንዲቆም ያድርጉት። ክሪኩ ከመለቀቁ በፊት የክሪኩ ዘንግ የወጣበትን ርዝመት በሜትር ለክተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፉት፤ ለቀጣዮቹ እጥፋቶች ሁሉ የሚገፉት እስከዚያ ነው። ቀጥሎ ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ከአንዱ እግር ጫፍ እስከ ሌላው እግር የውጭ ፊት ይለኩ፤ ገልብጠውም ሌላውን ይለኩ። ከእያንዳንዱ ልክ 12.5 ይቀንሱ፣ ሁለቱን ይደምሩ፣ ከድምሩ ላይ 600 ይቀንሱ። የሚቀረው ያ «ትርፍ» ያልነው ነው። ሁለቱም ልኮች 334 ያህል ከተነበቡ ትርፉ 43 ነው፤ ፎርማውም እንደተባለው 100 ሬዲየስ አለው። ትርፉን ለ0.43 ሲያካፍሉት የማጠፊያዎን እውነተኛ ሬዲየስ ያገኛሉ። 39 ቢወጣ ሬዲየሱ 91 አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ስሌቱን በዚያ ቁጥር እንደገና ይሥሩት።

ቁራጩን ከመጣልዎ በፊት የኩርባውን መሐል በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ይለኩት። ከ25 ሚሊው ወደ 24 የወረደ ምንም አይደለም። ከ23 በታች የወረደውን እኔ አልቀበለውም፤ ፎርማው መለወጥ አለበት ወይም ቱቦው በአሸዋ መሞላት አለበት።

ምልክትና እጥፋት

ምልክት የሚደረገው ከጫፍ ሳይሆን ከመሐል ተነሥቶ ነው። የዘንጉን መሐል ያግኙ፤ ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 487.5 ሚሊ ላይ እጥፋቱ ይጀምራል፣ 644.5 ላይ ያልቃል። ለገፊ ማጠፊያ የሚያስፈልገው የእጥፋቱ መሐል ነው፤ ከመሐል 566 ላይ ይወድቃል። ከመሐል መነሣት ሁለቱን እግሮች እኩል ያደርጋል፤ ከጫፍ የሚለካ ሰው ግን የዘንጉ ጫፍ ሰያፍ ተቆርጦ ከሆነ ስሕተቱን ወደ ሁሉም ምልክት ይዞት ይሄዳል። ቱቦውን በፎርማው ላይ እየጠመጠመ የሚያጥፍ ማሽን ካለዎት የሚጠቀሙት በእጥፋቱ መጀመሪያ ምልክት ነው፤ ኩርባው ከምልክቱ ወደ የት እንደሚሄድ በቀስት ያመልክቱ፤ ያለዚያ ኩርባው በተቃራኒው ወገን ይወጣል።

ሌላ አንድ መስመር አለ፤ ቱቦው በፋብሪካ የተበየደበት ስፌት። ቱቦውን በእጅ እያዞሩ ወይም ውስጡን በባትሪ እያዩ ያገኙታል። ይህ ስፌት ከሚለጠጠው ከውጭው ወገንም ከሚታመቀው ከውስጡም ርቆ በጎን በኩል፣ ከመሐል መስመሩ ጋር እንዲሆን ያድርጉ። ውጭ ላይ ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሚሰነጠቀው ደግሞ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው።

ሲገፉ ቀስ ይበሉ፤ ክሪኩን በችኮላ መምታት ውስጡን ያጨማድዳል። የመጀመሪያው እጥፋት ሲያልቅ ሁለተኛው በዚያው ገጽታ ላይ መሆን አለበት፤ ብዙ ቅስት የሚበላሸው እዚህ ነው። ከመታጠፉ በፊት ቱቦውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አስተኝተው፣ ከጎኑ የብረት አንግል አስጠግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩበት። ሁለተኛውን እጥፋት ሲያስገቡ መስመሩ በፎርማው ላይ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ይሁን፤ የታጠፈውም እግር በውሃ ልክ ይፈተሽ። ሲያልቅ ቅስቱን ወለል ላይ ያስተኙት። አንድ እግር ከፍ ብሎ ከቀረ ተጣሟል፤ ረጅም ፓይፕ አስገብተው በእጅ ሊመልሱት የሚችሉት ጥቂት ሚሊ ከሆነ ብቻ ነው።

ለብዙ ቅስት ሥራ ወለሉ ላይ ቅርጹን በሙሉ ልኩ በጠመኔ ይሳሉት። እያንዳንዱ ቅስት በዚያ ሥዕል ላይ ይተኛ እንጂ የቀደመው ቅስት ላይ አይለካ። ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየተለካ ሲሄድ ሸራው ፊት ለፊት ልክ ሆኖ ኋላ ላይ ይላላል፤ ሸራ ሰፊው ይወቀሳል።

ማሽን ከሌለ፦ አሸዋና እሳት

ውፍረቱ 1.2 የሆነ ቱቦ ወይም ልኩ ፎርማ የሌለው ማጠፊያ ሲያጋጥም አሸዋ ያድናል። አሸዋው ደቃቅ፣ የተነፋና ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ብረት ምጣድ ላይ ወይም ቆርቆሮ ላይ አምሰው እንፋሎቱ እስኪጠፋ ያድርቁት። እርጥብ አሸዋ የተሞላ ቱቦ እሳት ላይ ሲቀመጥ ውኃው እንፋሎት ይሆንና መድፈኛውን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። በዚህ ምክንያት የቱቦው ጫፎች ፈጽሞ በብየዳ አይደፈኑም፤ በእንጨት መድፈኛ ይደፈናሉ፤ ሲጋልም ማንም ሰው ከጫፉ ፊት አይቁም።

አዳማ ላይ ለብሎኬት የሚሸጠው ፑሚስ በየሰፈሩ ስለሚገኝና ቀላል ስለሆነ እሱን የሚሞሉ አሉ። አይሆንም። ፑሚስ አረፋማ ድንጋይ ነው፤ ሲታመቅ ይደቅቃል፣ ቦታ ይለቃል፣ ቱቦውም ወደ ባዶው ይጨፈለቃል። የወንዝ አሸዋ ነው የሚሆነው።

አንዱን ጫፍ ደፍነው ቱቦውን አቁመው ያፍሱ፤ ጎኑን በእንጨት መዶሻ ከታች ወደ ላይ እየመቱ ይሙሉት። አሸዋው መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ይምቱ፤ የመዶሻው ድምፅ ከባዶ ጩኸት ወደ ደፈና ድምፅ ሲለወጥ ሞልቷል ማለት ነው።

ከዚያ እሳቱ። የሚጋለው የእጥፋቱ ርዝመት ብቻ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 157 ሚሊው። ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ማለትም ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ፣ ብረቱ በእጅ ኃይል ይታዘዛል፤ መመለሱም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ዙሪያው እኩል መቅላት አለበት። በአዳማ አስቸጋሪው እኩል ማጋሉ ነው፤ ከከተማዋ ዳር ባሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 34 እና 102 ተርባይኖች የተተከሉት ነፋሱ ታይቶ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ቱቦ ሲያግሉ ነፋሱ የሚመታው ጎን ይጠቁራል፣ ሌላው ይቀላል፤ የቀላው ጎን ብቻ ይለጠጥና ኩርባው ይጣመማል። በሦስት ወገን ቆርቆሮ ያቁሙ፤ ከተቻለም ነፋሱ ሳይበረታ በጠዋት ይሥሩ። የቀላው ብረት ላይ ውኃ አያፍሱ፤ በራሱ ይብረድ። አሸዋውም ከበረደ በኋላ ተመትቶ ይውጣ፤ ውስጡ የቀረ እርጥበት ሳቢ ፍሬ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል።

መገጣጠምና ብየዳ

ቅስቶቹን የሚያያይዙት ዘንጎች ጫፋቸው በክብ ሊማ ተሞርዶ በቅስቱ ገላ ላይ ያለ ክፍተት መቀመጥ አለበት። ክፍተትን በኤሌክትሮድ የሚሞላ በያጅ ስስ ቱቦን ይበሳል። ብየዳው ከኩርባው ይራቅ፤ በኩርባው ላይ የውጭው ጎን ተለጥጦ ሳስቷል፤ ለብሎንም እዚያ ላይ አይበሳ። ለ1.5 ሚሊ ቱቦ ባለ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 70 አምፔር ላይ ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ ብቻ ያያይዙ፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሲባጎ ለክተው ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል መሆናቸውን ይዩ፤ ከዚያ ይበይዱ፤ ሙቀቱ አጽሙን እንዳያጣምመው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው።

አጽሙ ተሽከርካሪው ላይ ሆኖ የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ፤ የቤንዚን ታንከሩም ይነሣ ወይም ይራቅ። የእግሮቹ መቁረጫ ጊዜ አሁን ነው፤ ቅስቱን ቦታው ላይ አቁመው፣ በውሃ ልክ ለክተው፣ ከሁለቱም እግሮች በድምሩ ያን የተረፈውን 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሴጌቶ ያስወግዱ። ከላይ ክፍት የቀረ የቱቦ አፍ ካለ በላሜራ ይደፈን፤ በእያንዳንዱ እግር ግርጌ ግን 4 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ፤ ውስጡ የሚጠራቀመው የጤዛ ውኃ መውጫ ይፈልጋል። አንቲረስቱ የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሸራ ሰፊው ልክ ለመውሰድ የሚመጣውም ቀለሙ ሲደርቅ።